ፒክአፔን ዝቅ ያደረግኩበት ሳምንት

እሁድ እሁድ እናቴን ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ታዲያ ከኋላ ወንበር ሥር አንዲት በርጩማ አትጠፋም። በሩን እከፍታለሁ፣ በርጩማዋን መሬት ላይ አደርጋለሁ፣ እናቴን ደግፌ አወጣለሁ፣ በርጩማዋን መልሼ እወረውራለሁ። ስንደርስ ደግሞ ያንኑ እንደገና። «ልጄ፣ ይኼ መኪና ነው ቆጥ?» ትለኛለች። እስቃለሁ። ከፍ ያስደረግኳት እኔው ነኝ፣ በገዛ ገንዘቤ። ከመሳቅ ሌላ ምን እላለሁ?

ሥራዬ የውሃ ፓምፕ ነው። እሸጣለሁ፣ እገጥማለሁ፣ ሲበላሽ እጠግናለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ደምቢያ ናቸው። ከቆላ ድባ ወደ ጣና ዳር ወረድ ብለው በመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች። የደምቢያን ዋልካ የረገጠ ያውቀዋል። በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል። አንድ ዝናብ ከነካው ደግሞ ሊጥ ነው። ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ ፓራፋንጎ ውስጥ ይታጨቃል፣ በመጨረሻም ሆዷን ይዞ ያስቀራታል። ሁለት ክረምት በበሬ ተጎትቼ ወጥቻለሁ። በበሬ መጎተት ውስጥ የሚያመው ገንዘቡ አይደለም፤ የባለበሬው ምክር ነው።

መኪናዋ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2001 ስሪት ሃይሉክስ ናት። ደብል ጋቢና፣ 5ኤል የሚባለው ባለ 3.0 ሊትር ናፍጣ ሞተር። ሞተሯ ላይ ምንም አልልም። ቀስ ትላለች እንጂ አትቆምም። ሁለተኛውን የበሬ ምክር ከሰማሁ በኋላ አንድ ጋራዥ ወስጄ «ከፍ አድርጉልኝ» አልኩ። የት ከተማ፣ የማን ጋራዥ የሚለውን ተዉት። ያልኳቸውን ነው ያደረጉት፤ ጠይቄ ከሆነ ጥፋቱ የእኔም ነው።

ከፊት የቶርሽን ባሩን፣ ፊቷን የሚሸከመውን ዘንግ፣ ብሎኖች እስከሚሄዱበት ድረስ አጠበቁ። ከኋላ ባሌስትራው ላይ አንድ ቅጠል ጨመሩ። ፋብሪካው የሰጣትን ቀጭን ጎማ አውልቀው 265/75 ባለ 16 ጎማ፣ ያውም ወደ ውጭ በወጣ ሰፊ ቸርኬ ላይ ገጠሙ። ስወጣ ሌላ መኪና ነበረች። ደረቷን ነፍታ። የዚያን ዓመት ጥምቀት ፋሲል መዋኛ አካባቢ ሳቆማት ተደግፈዋት ፎቶ የሚነሱ ልጆች ነበሩ። እኔም ራቅ ብዬ ቆሜ የማላውቃቸው መስዬ አየሁ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።

ከዚያ ድምፆቹ መጡ።

መጀመሪያ «ክርርር» የሚል ነገር። ከፒያሳ ቁልቁል ስወርድ፣ መሪውን እስከ መጨረሻ ስጠመዝዝ፣ ከግራ እግሬ ሥር። ፓምፕ ጭኜ ከሆነ ይብሳል። ቀጥሎ «ጓ!» መጣ። ይኼኛው የሚገርመው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ስወጣ አይደለም የሚመታው። ስወርድ ነው። ጉብታውን አልፌ ተገላገልኩ ስል «ጓ!»። መሪው እጄ ላይ ይደነግጣል። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ የግራው ጎማ ውስጠኛ ጠርዝ እንደ ተላጨ ራስ ልሙጥ ሆኖ አገኘሁት። ውጭው ገና ፀጉራም ነው።

እኔ የፓምፕ ሰው ነኝ። ብረት ፈትቼ እገጥማለሁ፣ ስለዚህ ለራሴ መካኒክ ነኝ። አሞርዛተሩ ሞቷል ብዬ ፈረድኩና ሁለት አዲስ አሞርዛተር ገዝቼ ቀየርኩ። ሲነዳ ያው «ጓ!»። አዲሱን ጥዬ አሮጌውን ብመልስ ልዩነት አልነበረውም። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ባለቤቴ ይኼን ታነበዋለች።

በመጨረሻ አውቶ ፓርኮ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄድኩ። ሰው ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እዚህ በዚያው እጠራቸዋለሁ። የሰፈሩ ስም ራሱ የጣሊያን ነው፣ የመኪና ማደሪያ ማለት። ጣሊያን ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሰጥቶ ወጥቷል። ጋሼ ጋራዥ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ አለ። ባሌስትራ፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ፣ ክሪክ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን። የጋሼ ተለማማጅ እነዚህን ቃላት አማርኛ ናቸው ብሎ ይምላል። እኔም ብሆን የጣሊያን መሆናቸውን ያወቅኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

ጋሼ መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩ። ጎንበስ አላሉም።

«ስንት ከፍ አለች?»

«ሰባት ሳንቲም ያህል።»

«ቆማ ነው የለካሃት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ቆማ ልትሠራባት ነው?»

ተለማማጁ ሳቀ። እኔ ዝም አልኩ።

እንግዲህ የጋሼን ሥራ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ያለ ምርመራ አይቼ አላውቅም። ተለማማጁ ጠመኔ አደቀቀና በውሃ ለወሰው። የፊት ጎማዎቹን ትከሻ ውስጡንም ውጭውንም ቀባው። ከዚያ የቀኙን የፊት ጎማ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ እርከን ላይ በቀስታ እንድወጣ አደረጉኝ። አንዱ እግር ሲነሳ ያኛው ይወርዳል። በዚያው ቆሜ መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻ፣ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻ። አንድ ክንድ ወደፊት፣ አንድ ክንድ ወደ ኋላ። ከዚያ ተራውን ለግራው ጎማ። ስወርድ ጠመኔው የት የት እንደታተመ መብራት ይዘን አየን።

ነጩ በሦስት ቦታ ነበር። አንዱ ፓራፋንጎው ከኋላ በኩል ከበሩ ሥር ካለው ብረት ጋር የሚገናኝበት፣ ሁለት ላሜራ ተደራርቦ የተበየደበት ጠርዝ። ቢላ ማለት ነው። ጎማዬ ላይ የነበረው ጭረት ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ። ሁለተኛው የፓራፋንጎው የውስጥ ፕላስቲክ፣ ሦስተኛው የፓራውልቱ ጥግ። ሜዳ ላይ ቆማ ብትታይ ግን በጎማውና በላሜራው መካከል አራት ጣት ያስገባል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የምለካው በዚያ በአራት ጣቴ ነበር።

ጥፋቱ ከፍታው ብቻ አይደለም፣ ቸርኬውም ነው። ይኼን ጋሼ ባያስረዱኝ በራሴ አልደርስበትም ነበር። መሪ ስትጠመዝዝ ጎማው ቦታው ላይ ቆሞ አይዞርም። ጎማውን ከላይና ከታች በሚይዙት ሁለት መገጣጠሚያዎች፣ በላይኛውና በታችኛው ቦል ጆይንት፣ መካከል በሚያልፍ መስመር ዙሪያ ነው የሚዞረው። ቸርኬው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ጎማው ከዚያ መስመር ይርቃል። ሲርቅ የሚጠርገው ክብ ይሰፋል። በር እንደመክፈት ነው፤ ማጠፊያው ጋ ያለው የበሩ ክፍል እምብዛም አይሄድም፣ እጀታው ያለበት ግን ክፍሉን አቋርጦ ይሄዳል። እኔ ጎማዬን ከማጠፊያው ወደ እጀታው አስኬጄዋለሁ። ያው ጎማ በፋብሪካው ቸርኬ ቢሆን ከሦስቱ አንዱን ላይነካ ይችል ነበር።

ወደ «ጓ!» እንምጣ። እኔን ያሳፈረኝ ይኼ ነው።

የእኔ ሃይሉክስ ከፊት ሞላ የላትም፤ ባሌስትራም የላትም። ያላት ከመኪናዋ ሆድ ሥር ርዝመቱን የተጋደመ የብረት ዘንግ ነው፣ በየጎኑ አንድ አንድ። ቶርሽን ባር የሚባለው እሱ ነው። አንዱ ጫፍ የጎማውን እግር ክንድ ይይዛል። ሌላው ጫፍ ወደ ኋላ ሄዶ ሻንሲው ላይ በብሎን ታስሯል። ጎማው ሲነሳ ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ መልሶ ለመፈታት ሲታገል መኪናዋን ይሸከማል። ብሎኑን ስታጠብቅ መኪናዋ ከፍ ትላለች። እዚህ ድረስ አውቅ ነበር።

የማላውቀው የሚከተለውን ነው። ሁላችንም ብሎኑ ሲጠብቅ ዘንጉ የሚጠነክር ይመስለናል። ሾፌሮች ሁሉ እንዲያ ይላሉ፤ «ከፍ ስለተደረገች ደርቃለች»። ጋሼ ግን ተለማማጁን ጠሩና ጋቢያቸውን አንዱን ጫፍ አስያዙት። «እጠበው እንበል፣ እንጨምቀው» አሉ። እሳቸው ይዘው ቆሙ፣ ልጁ ጠመዘዘ። ጋቢው ጠበቀ። «አሁን እኔም ከአንተ ጋር በአንድ ዙር እዞራለሁ» አሉና እኩል አብረው ዞሩ። ጋቢው እንዳለ ዞረ እንጂ አንዲት ክር አልጠበቀም።

ብሎኑ እንደዚያ ነው። አንዱን ጫፍ ስታዞረው መኪናዋ ከፍ ትልና ሌላውን ጫፍ አብራ ታዞረዋለች። ዘንጉ ውስጥ ያለው ጥምዘዛ ያው ነው፣ ምክንያቱም የሚሸከመው ክብደት ያው ነው። ዘንጉ አልደረቀም። ታዲያ የሚመታኝ ምንድን ነው?

ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድበት ርቀት የተወሰነ ነው። ብሎን ማጥበቅ ርቀቱን አያረዝመውም። ወደ ታች ከሚሄደው ቆርሶ ወደ ላይ ለሚሄደው ይሰጣል እንጂ። የላይኛው ክንድ ወደ ታች ሲወርድ የሚያርፍበት ትንሽ የላስቲክ ትራስ አለ። ጋሼ መብራቱን ያዙልኝና ክፍተቱን በመለኪያ ለካሁት። 3 ሚሊ ሜትር። ሦስት! መኪናዋ ሜዳ ላይ ዝም ብላ ቆማ እግሯ ወደ ታች የሚሄድበት ቦታ የለውም ማለት ነው። ስለዚህ ጉብታ አልፌ ስወርድ ጎማው መንገዱን ተከትሎ ይውረድ ሲባል፣ ትራሱ «እዚህ ድረስ» ይለዋል። ጎማው አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ መኪናዋ ትወድቃለች። «ጓ!» ማለት ያ ነው። አሞርዛተር የሚያስታግሰው እንቅስቃሴን ነው፤ እንቅስቃሴ ከሌለ ምን ያድርግ? ሁለት አዲስ አሞርዛተር በከንቱ ሰቅዬ ኖሬያለሁ።

ክሪክ ገብቶላት እግሮቿ ሲንጠለጠሉ ሌላም ጉድ ታየ። ወደ ጎማው የሚሄደው ግማሽ ዘንግ በጣም ተዳፍቷል። የዘንጉን መታጠፊያ፣ ሲቪ ጆይንቱን፣ የሚሸፍነው ጥቁር የላስቲክ ልብስ እጥፋቶቹ ከታች በኩል እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ የግራው ተቀዷል። ግሪሱ ቸርኬው ውስጥ ተረጭቶ ከአቧራ ጋር ቦክቷል። እኔ የተረፍኩት የፊት ሎኮቹን፣ ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዙትን፣ በእጅ የምቆልፍ ስለሆነ ነው። አስፋልት ላይ ክፍት ናቸው፣ ዘንጉም አይዞርም። ክረምት ላይ ዋልካ ውስጥ ቆልፌ፣ ፎር ባይ ፎር አስገብቼ፣ በዚያ በተዳፋ ዘንግ መሪ ጠምዝዤ ነዳጅ ብረግጥ የት ቆሜ እንደምቀር ታውቁታላችሁ። በሬዎቹም ያውቁታል።

የፍሬኑ ነገር ግን አላሳቀኝም። ከሻንሲው ወደ ጎማው የሚወርደው የፍሬን ላስቲክ ቱቦ እግሩ ሲንጠለጠል እንደ ክራር አውታር ተወጥሯል። ጋሼ በጣታቸው ነካ አደረጉትና ምንም ሳይሉ አዩኝ። ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞን ወርጄ አውቃለሁ፣ በዚችው መኪና። ያን ማታ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

አሁን መፍትሔው። እኔ ይዤ የሄድኩት ሐሳብ ነበረኝ፣ ኢንተርኔት ላይ ያየሁት። በላይኛው ቦል ጆይንትና በክንዱ መካከል ወፍራም ብረት ማስገባት። ክንዱ በዚያው ልክ ከትራሱ ይርቃል፤ ከፍታውም አይነካም። በሌላው ዓለም ተሠርቶ የሚሸጥ ዕቃ ነው፣ ሥራውም ሐሰት አይደለም። «ቶርኖ ቤት ወስደን እናስቆርጥ» አልኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምን ዓይነት ብረት ነው የምታስቆርጠው?»

«ጠንካራ።»

«የመንገድ ፍርስራሽ ውስጥ ያገኘኸውን ሁሉ ጠንካራ ትለዋለህ። ብሎኑንስ? ረጅሙን ብሎን ከየት ልታመጣው ነው?»

መልስ አልነበረኝም። የሚሸጠው ዕቃ ከተመዘነ ብረት ከተመዘነ ብሎን ጋር ይመጣል። ቶርኖ ቤት የሚቆረጠው ከተገኘው ነው። ያ ቦታ ደግሞ ጎማውን ይዞ የሚሄድ ቦታ ነው። ዲፈረንሻሉን በማስገቢያ ብረት ዝቅ አድርጎ ዘንጉን ቀና ማድረግም ይቻላል፤ እሱንም አነሳሁ። እሱ ግን ከፍ ያልኩበትን ምክንያት መልሶ ይበላዋል፣ ዋልካው መጀመሪያ የሚይዘው የዲፈረንሻሉን ሆድ ነውና። አንዳንድ ሰው ደግሞ ትራሱን በመጋዝ ቆርጦ ግማሽ ያደርገዋል። ክፍተት ያስገኛል፣ እውነት ነው። የእኔ ዘንግና የፍሬን ቱቦ ግን አሁንም ካለበት በላይ ሊወርዱ ነው። አልተስማማሁም። ማለቴ ጋሼ አልተስማሙም፣ እኔ ተከተልኩ።

«ዝቅ እናድርጋት» አሉ።

ልቤ ደነገጠ። ጥምቀት ትዝ አለኝ። ግን ምን ልበል።

ሥራው ረጅም አይደለም፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። መጀመሪያ የብሎኖቹን ጥርስ በብሩሽ ጠርገው ዘይት አጠጡና አንድ ሌሊት አሳደሩት። ጠዋት ከመጀመራችን በፊት ለካን። ልኬቱን ከመሬት አይወስዱም፤ የጎማ ነፋስ ካነሰ ይዋሻል። ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ነው። ግራው 54.5፣ ቀኙ 53.8 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ያ ከፍ ያደረገኝ ጋራዥ ሁለቱን እኩል እንኳን አላደረገም። ለዚህ ነው ለካ ከቆምኩ ቁጥር ወደ ቀኝ ያዘነበለች የሚመስለኝ። መንገዱ ነው እል ነበር፤ ጎንደር ውስጥ ሜዳ የት ይገኛል?

ክሪክ አድርጎ እግሩን ማንጠልጠል የግድ ነው። ዘንጉ ክብደት እንደተሸከመ ብሎኑን መታገል ጥርሱን መብላት ነው። ጋሼ ዙሩን በጠመኔ ግድግዳ ላይ ይቆጥራሉ፣ ግራ ስንት፣ ቀኝ ስንት። ከክሪክ ሲያወርዷት ወዲያው አይለኩም። ወደፊት አሥር እርምጃ፣ ወደ ኋላ አሥር እርምጃ ትነዳለች፣ ፊቷ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጫናል። ያለዚያ ጎማዎቹ መሬቱን ነክሰው ስለሚይዙ ከፍ ብላ ትቀራለች። ከዚያ ልኬት። እንደገና ክሪክ። አራት ጊዜ ተደጋገመ። በመጨረሻ ሁለቱም 51.5 ላይ ቆሙ። ጋቢና ውስጥ እኔን የሚያህል ሰው አስቀምጠው ነው የለኩት፤ ሾፌር የሌለባት መኪና የትም አትሄድም ብለው።

ሦስት ሳንቲም ገደማ ወረደች። ትራሱ ጋ ስንለካ ክፍተቱ 16 ሚሊ ሜትር ሆኗል። ጎማው ጋ ሦስት ሳንቲም የሆነው እዚያ አንድ ሳንቲም ከምናምን ብቻ የሆነው ትራሱ ወደ ክንዱ ሥር ስለሚቀርብ ነው። ትራሶቹ ራሳቸው ተቀጥቅጠው እንደ ደረቀ ቆሎ ስለነበሩ በአዲስ ተቀየሩ። የተቀደደው የሲቪ ልብስ ተለወጠ፣ ጆይንቱ በቤንዚን ታጥቦ አዲስ ግሪስ ተሞላ። የፍሬን ቱቦዎቹም አዲስ ሆኑ፤ አሁን እግሩ ሲንጠለጠል ጣት የሚያስገባ ልልነት አላቸው።

የቀረው ጎማው ነው። እዚህ ላይ ሁለት ቀን ተከራከርኩ። ወፍራሙን ጎማ እወደዋለሁ። ግን ቁጥሩን ተመልከቱ፤ የመጀመሪያው ወርዱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 265/75 ባለ 16 ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። 215/85 ባለ 16 ደግሞ 77 ገደማ። ከመሬት ከፍታ የማጣው የልዩነቱን ግማሽ ነው፣ አንድ ሳንቲም ተኩል ወይም ትንሽ የሚበልጥ። ከወርድ ግን አምስት ሳንቲም እቀንሳለሁ። የፋብሪካውን ቸርኬ ከጓሮ አወጣሁት። ዶሮዎች ሰፍረውበት ነበር። 215ቱን በሱ ላይ አስገጠምኩ። በነገራችን ላይ በወፍራሙ ጎማ የፍጥነት ቆጣሪዬም ይዋሸኝ ነበር፤ ስድሳ ሳነብ በእውነት የምሄደው ወደ 65 ነው።

ቀጭን ጎማ ለዋልካ ይሻላል ወይስ ወፍራም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም። ደምቢያ ውስጥ ሁለት ሾፌር ካለ ሦስት ሐሳብ አለ። እኔ ያየሁትን ብቻ ልናገር፦ ቀጭኑ ፓራፋንጎ ውስጥ ለጭቃ ቦታ ይተዋል። ወፍራሙ ሲያስቸግረኝ ከነበረው ግማሹ መንሸራተት አልነበረም፤ ጭቃው በጎማውና በላሜራው መካከል ታጭቆ ጎማውን እንደ ፍሬን መያዙ ነበር።

ይኼ ሁሉ ሆኖ እንኳን ያ ቢላ ጠርዝ ጠመኔ ነካው። በጣም ጥቂት፣ ጥፍር የምታህል ነጭ። ተለማማጁ ጠርዙን በመዶሻ ወደ ውስጥ አስተኛው፣ ጋሼ በእጃቸው ዳስሰው አጸደቁት። የዝገት መከላከያ ቀለም ሁለት ጊዜ ተቀባ። ፕላስቲኩ በሙቅ አየር ለስልሶ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ እንደገና ድንጋይ ላይ፣ እንደገና ጠመኔ፣ ግራ፣ ቀኝ። ምንም። ተለማማጁ መብራቱን አጥፍቶ «ንጹሕ ነው» አለ። ጋሼ ግን አሁንም ጎንበስ አላሉም፤ ጆሯቸውን ብቻ አዘንብለው ሲሰሙ ነበር።

አላይመንቱን ዕለቱን አላስደረግኩም። ጋሼ ሳምንት ነድተሃት እግሯ ይረፍ አሉ። ሳምንቱን ቆላ ድባ ሁለት ጊዜ ደርሼ ተመለስኩ። ከዚያ ማሽን ላይ ስትወጣ የፊት ጎማዎቹ አፍንጫቸውን ወደ ውጭ ከፍተው ሲሄዱ እንደኖሩ ታወቀ። መኪናዋ ከፍ ስትል የመሪው ታይሮድ፣ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ፣ አብሮ ይዳፋል፣ ሲዳፋ ያጥራል፣ ሲያጥር የጎማውን ጀርባ ወደ ውስጥ ይስባል። የተላጨው የውስጥ ጠርዝ ከዚያ ነው የመጣው። ከፍ ባደረጉኝ ቀን ይኼን ለክቶ ማስተካከል የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። ማንም አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

መንገዱ ላይ ስላለው ልዩነት፦ ጉብታው ላይ ወጥቼ ስወርድ አሁንም ሳላውቀው ትከሻዬን እሰበስባለሁ። «ጓ!»ን እየጠበቅኩ። አይመጣም። እግሯ ወርዶ መሬቱን ይይዛል፣ ትንሽ ትተነፍሳለች፣ ታልፋለች። ባለፈው ሳምንት ሦስት ፓምፕና አንድ ጥቅል ቱቦ ጭኜ ከፒያሳ ቁልቁል ስጠመዝዝ የሰማሁት የቱቦውን መንሸራተት ብቻ ነው። ዋልካው ገና አልፈተነኝም፣ ክረምቱ አልገባም። ከፊት ሦስት ሳንቲም ከአካሏ፣ አንድ ከምናምን ከጎማዋ አጥቻለሁ። ሐምሌ ላይ በበሬ ከተጎተትኩ እዚሁ እጽፋለሁ።

እናቴ እሁድ ዕለት በርጩማዋን አላወረድኩላትም። ልሞክራት ብዬ ነው። በሩን ይዛ፣ አንድ እግሯን አንስታ፣ ቆም አለች። «ትንሽ ነው የወረደችው» አለችኝ። በርጩማዋን አወረድኩ።

አራቱ ወፍራም ጎማዎች ከነቸርኬያቸው በረንዳዬ ላይ ናቸው። ባለቤቴ በርበሬ ማስጫ አድርጋቸዋለች። ሦስቱ ደህና ናቸው፣ አንዱ የውስጥ ጠርዙ ተላጭቷል። በርበሬው ሲነሳ እሸጣቸዋለሁ።